ከለንደን ወጥቶ ኮረብታ ላይ ለመዋል፦ የቱ ይሻላል?

ባለፈው ዓመት እማዬ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። አንድ ቅዳሜ "ተራራ ላሳይሽ" ብዬ ቦክስ ሂል ይዣት ሄድኩ። አናቱ ላይ ደረስን። ግራ ቀኝ አየችና "እሺ፣ ተራራው የታለ?" አለችኝ።

አልፈርድባትም። እንጦጦ ሥር ያደገች ሰው ናት። አዲስ አበባ ራሷ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ቦክስ ሂል 224 ሜትር ነው። የእንግሊዝ አንደኛ የሚባለው ስካፌል ፓይክ እንኳ 978 ሜትር ነው። በሙቀቷ ከምናውቃት ከድሬዳዋ ያንሳል ማለት ነው። ለእኛ ሰው የእንግሊዝን ኮረብታ በሜትር ማስተዋወቅ መሳቂያ መሆን ነው።

ግን ያን ቀን እማዬ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ተነሺ ብላት እምቢ አለች። ነጠላዋን አጣፍታ ከሥር የተዘረጋውን መስክ ታያለች። የእርሻውን አጥር፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሹል ጣሪያ፣ ከሩቅ ጉንዳን የሚያካክሉትን ላሞች። ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ፔርሙዙ ውስጥ የነበረው ሻይ አለቀ። እዚህ አገር ሰው ኮረብታ የሚወጣው ከሥሩ ያለውን ለማየት እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ የመጣበት ጓደኛ ሁሉ ይደውልልኛል። "የቱ ይሻላል?" ይለኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ከማን ጋር ነው የምትሄደው? መኪና አለ ወይስ በባቡር ነው? በስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው ይገርመዋል። ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው።

ቁመቱን ተዉት፣ ፊቱን እዩ

ከለንደን ሰሜን ምዕራብ ቺልተርንስ የሚባል የኮረብታ ሰንሰለት አለ። ከሁሉም ረጅሙ ሃዲንግተን ሂል ነው፤ 267 ሜትር። ሄዳችሁ ብታዩት ጫካ ነው። አናቱ ላይ ቆማችሁ የምታዩት የዛፍ ግንድ ነው። እዚያው አጠገቡ ኩም ሂል አለ፤ 260 ሜትር። በ7 ሜትር ያንሳል። ግን አናቱ ገላጣ ነው፤ ከፊቱ መሬቱ ቁልቁል ወርዶ ሰፊ ሜዳ ይሆናል። በሜትር የመረጠ ሰው የመጀመሪያው ጋ ሄዶ ተናዶ ይመለሳል።

ስለዚህ የኮረብታውን ፊት እዩ። በለንደን ዙሪያ ያሉት ብዙዎቹ ኮረብታዎች ከጠመኔ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ያው አስተማሪ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍበት ዓይነት ነጭ ድንጋይ። አንድ ጎናቸው ቀስ ብሎ የሚወርድ ነው፤ ዳገትነቱ እንኳ አይታወቅም። ሌላው ጎናቸው ድንገት የሚቆረጥ አፋፍ ነው። ትርኢቱ ያለው በአፋፉ በኩል ነው።

ከለንደን በስተ ደቡብ ያለው ነገር ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ያ መሬት ድሮ ድሮ እንደ ድፎ ዳቦ ወደ ላይ ያበጠ ነበር። በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ዝናብና ወንዝ አናቱን በልቶ ጨረሰው። የቀረው ዳርና ዳሩ ነው። ሰሜኑ ጠርዝ ኖርዝ ዳውንስ ይባላል፣ ደቡቡ ሳውዝ ዳውንስ። ሁለቱ ባዶውን መሃል ይዘው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ቀኑ ጥርት ካለ ከአንዱ ላይ ሆናችሁ ሌላውን እንደ ሰማያዊ መስመር ታዩታላችሁ።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? ለብርሃኑ ነው። አገራችን ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት። እዚህ ግን ቀትር ላይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት። በዲሴምበር ማብቂያ ላይ ለንደን ውስጥ በቀትር እንኳ ከአድማሱ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው። ኖርዝ ዳውንስ ላይ ያለው ቦክስ ሂል ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። ቀትር ላይ ከሄዳችሁ ፀሐይዋ ዓይናችሁ ውስጥ ናት፤ ሥዕል ብታነሡ ሰው ሁሉ ጥላ ሆኖ ይወጣል። በብርዱ ወራት ግን እንደ ድመት ፀሐይ የሚሞቅበት ቦታ ነው። ሳውዝ ዳውንስ ላይ ያለው አፋፍ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ሆና ሜዳውን ታበራላችኋለች፤ ለፎቶ እሱ ነው። ኩም ሂል ወደ ሰሜን ምዕራብ ያያል፤ በሙቀቱ ወራት የጀንበር መጥለቂያ ነው።

ቦክስ ሂል ወይስ ሊዝ ሂል

ሁለቱም ሰሪ በሚባለው ካውንቲ ውስጥ፣ ዶርኪንግ ከተማ አካባቢ ናቸው። ሁለቱም በናሽናል ትረስት እጅ ናቸው፤ ይህ ቅርስና መሬት የሚጠብቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። መግቢያ አይከፈልም። መኪና ማቆሚያ ግን አባል ላልሆነ ሰው በገንዘብ ነው።

መኪና ለሌለው ሰው ምርጫው ቦክስ ሂል ነው፤ ክርክር የለውም። ቦክስ ሂል ኤንድ ዌስትሃምብል የሚባል የራሱ ባቡር ጣቢያ አለው። ከለንደን አንድ ሰዓት አይፈጅም። ከጣቢያው ወርዳችሁ ሞል የሚባለውን ወንዝ በድንጋይ ላይ እየረገጣችሁ ትሻገራላችሁ። ድንጋዮቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈርሰው ነበር። በ1946 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አዲሶቹን የመረቁት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሌመንት አትሊ ናቸው። ዝናብ ከበዛ ውሃው ይሸፍናቸዋል። ያኔ አጠገቡ ድልድይ አለ፤ ጀብዱ አያስፈልግም።

ከወንዙ በኋላ ደረጃ ነው። ሁለት መቶ ምናምን ደረጃ። እኔ ሁልጊዜ መሃል ላይ "ፎቶ ላንሣ" ብዬ አርፋለሁ። እማዬን ግን በዚያ አልወሰድኳትም። የጓደኛዬ መኪና ነበረችን፤ እስከ አናቱ በመኪና ይወጣል። ከማቆሚያው እስከ ሰሎሞንስ መመልከቻ ድረስ መንገዱ ለጥ ያለ ነው። የሕፃን ጋሪም ይገፋበታል። ሰሎሞንስ የተባለው በ1914 ኮረብታውን ገዝተው ለሕዝብ በሰጡት በሊዮፖልድ ሰሎሞንስ ስም ነው። (እማዬ ስሙን ስትሰማ ንጉሥ ሰሎሞን መስሏት ደስ ብሏት ነበር። አላረምኳትም።)

ችግሩ ሕዝቡ ነው። በ2012 ኦሊምፒክ የወንዶቹ የብስክሌት ውድድር ይህን ኮረብታ ዘጠኝ ጊዜ ዞሮታል። ከዚያ ወዲህ እሁድ ጠዋት ጠመዝማዛው መንገድ በብስክሌተኛ ይሞላል። ፀሐያማ ቅዳሜ ላይ ወንበር ለማግኘት መሽቀዳደም ነው። ፀጥታ ከፈለጋችሁ ከመመልከቻው አልፋችሁ ወደ ጫካው ግቡ። እዚያ ውስጥ ፒተር ላቤሊየር የሚባል መኮንን ተቀብሯል። በ1800 ሲሞት በኑዛዜው መሠረት በጭንቅላቱ ተዘቅዝቆ ነው የተቀበረው። ዓለም የተገለበጠች ቀን እኔ ቀጥ ብዬ እገኛለሁ ብሎ ነው ይባላል። ሰውየው የዘንድሮን ዜና ቢሰማ ምን ይል እንደነበር እንጃ።

ሊዝ ሂል (ከመሬት ሊዝ ጋር አይገናኝም) 294 ሜትር ነው። በ1765 ሪቻርድ ኸል የሚባል ባለርስት አናቱ ላይ ግንብ አሠራ፤ ራሱም ግንቡ ሥር ተቀበረ። ግንቡ ክፍት ከሆነ ጫፉ ላይ ወጥታችሁ በሰሜን ለንደንን፣ በደቡብ በኩል ደግሞ በኮረብታዎቹ ክፍተት መሃል ባሕሩን ማየት ትችላላችሁ። ቀኑ ከተባበረ ማለቴ ነው። ለትርኢት ከቦክስ ሂል ይበልጣል፤ ሰውም ያነሰ ነው። ግን አጠገቡ ባቡር የለም። ከዶርኪንግ 8 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ነው፤ ሰፊ ጫካና ብዙ ጭቃ። መኪና ካለ ሊዝ ሂል፣ ከሌለ ቦክስ ሂል።

ቺልተርንስ፦ ኩም ሂል ወይስ አይቪንጎ ቢከን

እኔ ከለንደን አቅራቢያ አንድ ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ኩም ሂል ነው የምለው። ከማሪለቦን ጣቢያ ዌንዶቨር ድረስ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ነው። ከጣቢያው ወጥታችሁ የመንደሩን መንገድ ይዛችሁ ወደ ላይ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዳገቱ መጀመሪያው ላይ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ከዚያ በተረተሩ ላይ እየተንሸራሸራችሁ ትደርሳላችሁ። መኪና ያለው ሰው ደግሞ ከጀርባ በኩል በሎጅ ሂል ቢመጣ መንገዱ ሜዳ ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ጫፉ ላይ ረጅም ሐውልት አለ። በ1904 የቆመ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በተካሄደው የቦር ጦርነት ለሞቱ የአውራጃው ወታደሮች መታሰቢያ። በ1938 መብረቅ መትቶት ሊወድም ምንም አልቀረውም ነበር፤ እንደገና ሠሩት። ከሐውልቱ ሥር ሆናችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ ብታዩ በዛፍ መሃል ትልቅ ቤት ይታያል። ቼከርስ ይባላል፤ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የገጠር ቤት ነው። እኛ አገር እንዲህ ካለ ቤት ትይዩ ቁጭ ብሎ ሳንድዊች መብላት ይቻል ነበር? እዚህ ማንም ዞር ብሎ አያይህም።

ሰማዩንም እዩ። ጅራቱ መንታ የሆነ ትልቅ ቀይ ጭልፊት ያንዣብባል። ይህ ወፍ እንግሊዝ ውስጥ ጠፍቶ ነበር። ከ1989 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ከስፔን እያመጡ እዚህ ቺልተርንስ ውስጥ ለቀቁት። አሁን በሽ ነው። አዲስ አበባ ሥጋ ቤት በር ላይ ጭልፊት እያባረረ ላደገ ሰው ብርቅ ላይሆን ይችላል። እንግሊዞቹ ግን ባይኖኩላር ይዘው ነው የሚመጡት። አንዱ አዛውንት "አየሽው? አየሽው?" እያሉ ሲያሳዩኝ፣ እኛ ጋ ሥጋ ከእጅ ይነጥቃል ብዬ ደስታቸውን ማበላሸት አልፈለግኩም።

አይቪንጎ ቢከን 233 ሜትር ነው። ዛፍ የሚባል የለበትም፤ ሣር ብቻ። ሪጅዌይ የሚባለው 139 ኪሎ ሜትር ጥንታዊ የእግር መንገድ የሚያልቀው እዚህ ነው። ከጫፉ ላይ ማዶ ባለው ኮረብታ ጎን ላይ ሣሩ ተገፎ በነጩ ጠመኔ የተሠራ አንበሳ ይታያል። 147 ሜትር ይረዝማል፤ አጠገቡ ያለው የእንስሳት ማቆያ ምልክት ነው፣ በ1933 የተሠራ። ልጆች ካሉ ይሄን ያስደስታቸዋል። ግን ትሪንግ ጣቢያ ከኮረብታው ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ደርሶ መልስ አስቡት። ነፋሱም ቀልድ አያውቅም። እኔ ሻርፕ ያስወሰደኝ እዚያ ነው።

ባሕር ለሚፈልግ

ሳውዝ ዳውንስ ከ2010 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከለንደን ቪክቶሪያ ጣቢያ ብራይተን ድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከብራይተን 77 ቁጥር አውቶቡስ ይዛችሁ ዴቭልስ ዳይክ ትወጣላችሁ። አውቶቡሱ በር ላይ ነው የሚያወርዳችሁ፤ መውጣት ብሎ ነገር የለም። ስሙ የሰይጣን ቦይ ማለት ነው። 100 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ደረቅ ሸለቆ ነው። በአፈ ታሪኩ ሰይጣን የአካባቢውን አብያተ ክርስቲያናት በባሕር ውሃ ሊያጥለቀልቅ በሌሊት ሲቆፍር፣ አንዲት አሮጊት ሻማ አብርተው ዶሮ አስጮኹ። ነጋ ብሎ ሥራውን ጥሎ ሸሸ። እማዬ ከእንግሊዝ የወደደችው ታሪክ ይሄ ብቻ ነው።

የሚነጻጸረው ከሰቨን ሲስተርስ (ሰባቱ እህትማማቾች) ጋር ነው፤ ያ በየፖስት ካርዱ ላይ የምታዩት ነጭ የባሕር ገደል። ውበቱ ወደር የለውም። ነገር ግን ዘና ብሎ የሚሄዱበት አይደለም። እህትማማቾቹን አንድ በአንድ መውጣትና መውረድ ነው። አራተኛዋ ላይ ስትደርሱ ቤተሰቡ ይጣላል። ብልጠቱ ሲፎርድ ከሚባለው ከተማ በኩል መጥቶ ከማዶ ማየት ነው። ዝነኛው ፎቶ የሚነሣው ከዚያ በኩል ነው። ሌላው ከባድ ነገር ጠርዙ ነው። ጠመኔው ከሥር በማዕበል እየተበላ ሳይታሰብ ይናዳል። ከሥር ባዶ መሆኑን ከላይ የቆመ ሰው አያውቀውም። ሰው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሴልፊ ሲያነሣ ታያላችሁ፤ እናንተ እንዳትሞክሩት። ትንንሽ ልጆች ካሉ ዴቭልስ ዳይክ ይበቃል።

ሞልቨርን ወይስ ባዝ፦ የጃንሆይ መንገድ

አሁን ልቤ ያለበት ጋ ደረስን። ሁለቱም ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ ነው የሚኬደው። ባዝ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ግሬት ሞልቨርን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ሁለቱም ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው የኖሩባቸውና የተመላለሱባቸው ናቸው።

ባዝ ውስጥ ፌርፊልድ ሃውስ አለ። ጃንሆይ በ1936 ገዝተውት እስከ 1940 ቤተሰባቸውን ይዘው የኖሩበት ቤት ነው። በ1958 ለከተማው አረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ሰጡት። ለመግባት የሚከፈትበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እኔ ሳልጠይቅ ሄጄ አጥሩን ስሜ ተመልሻለሁ። ቤቱ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ኮረብታው ደግሞ በስተ ምሥራቅ። ባዝ ስካይላይን የሚባል 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ዙር መንገድ አለ፤ አጭሩ ደግሞ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመስክና በጫካ እያለፋችሁ የማር ቀለም ያለውን ከተማ ከላይ ታዩታላችሁ። መንገድ ላይ ቤተ መንግሥት የሚመስል ግንብ ታገኛላችሁ። ፊቱ ብቻ ነው፤ ከኋላው ምንም የለም። በ1762 አንድ ሀብታም ከከተማ ሆኖ ሲያየው ደስ እንዲለው ብሎ ያሠራው ነው። ለታይታ ብቻ ቤት መሥራት አዲስ ነገር አይደለም።

ሞልቨርን ግን ሌላ ነው። ከሴቨርን ወንዝ ሜዳ ላይ ድንገት ተነሥቶ 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ቀጭን ተረተር ነው። ድንጋዩ ዕድሜው ከ600 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ጠመኔ አይደለም፤ ጠንካራ ነው። ጭቃውም ያነሰ ነው። ከፍተኛው ጫፍ ዉስተርሸር ቢከን 425 ሜትር ነው። በዚያ ላይ ተረተሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለተዘረጋ ሁለት ፊት አለው። በምሥራቅ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ በምዕራብ ኮረብታ ከኮረብታ እየተደራረበ እስከ ዌልስ ተራሮች ይሄዳል። ጠዋትም ማታም ብትመጡ አንዱ ጎን በርቶ ይጠብቃችኋል። እዚህ አገር ሆኜ "ይሄስ የእኛን ይመስላል" ያልኩት ይሄን ምዕራቡን ጎን ሳይ ነው። ሰሜን ሸዋ አይደለም፤ ግን ዘመድ ነው።

ከከተማው 99 ደረጃ ወጥታችሁ፣ ከዚያ በጠመዝማዛ መንገድ ሴንት አንስ ዌል ትደርሳላችሁ። በእኛ ቋንቋ የቅድስት ሐና ምንጭ ማለት ነው። ከድንጋይ ውስጥ ውሃ ይፈስሳል፤ አጠገቡ ትንሽ ካፌ አለች። በ1842 ሁለት ሐኪሞች ከተማው ውስጥ በውሃ የማከም ሥራ ጀምረው፣ ሀብታሙ ሁሉ በጠዋት እየተነሣ ይህን ዳገት ወጥቶ ውሃውን ይጠጣ ነበር። ጠበል ነው እንጂ ሌላ ስም አለው? ከዚያ እስከ ቢከኑ ድረስ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። ጫፉ ላይ ያለ ሰሌዳ የቱ ኮረብታ የቱ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ጃንሆይ እዚህ አቢ ሆቴል አርፈዋል። የልጅ ልጆቻቸው ክላረንደን በሚባል የሴቶች ትምህርት ቤት ተምረዋል። በ2011 ለመታሰቢያቸው ሰማያዊ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በዚያ በከፋ ዘመን፣ አገራቸው በጣሊያን ተይዛ፣ ከሆቴሉ መስኮት ይህን ተረተር ሲያዩ ምን አስበው ይሆን? ዳገቱን ስወጣ ሁልጊዜ ይሄ ሐሳብ ይመጣብኛል።

ታዲያ የቱ? ዝናብ የሚያሰጋ ከሆነ ባዝ። ከኮረብታ ወርዶ የሚገባበት ከተማ አለ። ሰማዩ ጥርት ካለና አንድ ሌሊት ማደር ከቻላችሁ ሞልቨርን። ደርሶ መልሱን በአንድ ቀን አድርጌዋለሁ፤ አልመክርም። ዳገት የማይችል ሰው ካለ ብሪቲሽ ካምፕ በሚባለው ደቡባዊ ኮረብታ ሞክሩ። መኪና ማቆሚያው ከጫፉ ግማሽ ሰዓት አይርቅም፤ በጥንት ዘመን ሰዎች የቆፈሩት ባለ እርከን ምሽግ ነው።

ሰሜን ላላችሁ

ማንችስተርና ሼፊልድ ያላችሁ ሰዎች ይሄን ሁሉ ስታነቡ ስቃችሁ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ማም ቶር 517 ሜትር ነው፤ እስከ አናቱ ድንጋይ ተነጥፎለታል፤ ከላይኛው መኪና ማቆሚያ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። በባቡር ለሚመጣ ኢዴል ጣቢያ ሥሩ ነው። አንድ ጎኑ ያለማቋረጥ ይናዳል። በዚያ ያለፈውን አስፋልት ጠግነው ጠግነው በ1979 ተስፋ ቆርጠው ዘጉት። የተሰባበረው አስፋልት አሁንም አለ፤ ልጆች ይወዱታል። ሐይቅ የሚያምራችሁ ደግሞ ዊንደርሚር ጣቢያ ውረዱና ግማሽ ሰዓት ወደ ኦረስት ሄድ ውጡ። 239 ሜትር ብቻ ነው። ግን ሐይቁን ከነተራሮቹ ያሳያችኋል።

ስለ ጭቃና ስለ ላሞች

ከኦክቶበር እስከ ማርች ነጭ ስኒከር አድርጎ መሄድ ጫማውን መሰናበት ነው። እርጥብ ጠመኔ ደግሞ እንደ ሳሙና ነው የሚያንሸራትተው። ቁልቁለቱ ላይ ከዳገቱ ይልቅ ተጠንቀቁ። በዲሴምበር በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ምሳ በልተን እንወጣለን የሚባል ነገር የለም። በጁን ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎም ብርሃን አለ።

የሰው ማሳ ውስጥ መግባት የሚያሳፍራችሁ ካላችሁ፣ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። እዚህ አገር በግል እርሻ መሃል የሚያልፍ የሕዝብ የእግር መንገድ አለ፤ መብታችሁ ነው። ቢጫ ቀስት ለእግረኛ ነው፤ ሰማያዊ ቀስት ለፈረስና ለብስክሌትም ጭምር። በሩን ከፍታችሁ ስታልፉ መልሳችሁ ዝጉት። ጥጃ ከያዘች ላም ራቁ። ውሻ ይዛችሁ ከብቶቹ ቢያሳድዷችሁ ውሻውን ልቀቁት፤ ሮጦ ያመልጣል። እናንተ አታመልጡም።

እሁድ ከመነሣታችሁ በፊት ባቡሩ መኖሩን አረጋግጡ። አንድ እሁድ መስመሩ ጥገና ላይ ነው ተብሎ በአውቶቡስ ተጭነን ሁለት ሰዓት በመንደር መንደር ዞረናል። ከ3 እስከ 9 ሰው ከሆናችሁ ብዙዎቹ የባቡር ድርጅቶች ግሩፕሴቭ የሚሉት ቅናሽ አላቸው፤ ከጥድፊያ ሰዓት ውጪ ሲሶ ይቀንሳል። የካፌውን ነገር አትመኑ። የጾም ቀን ከሆነ ደግሞ ቅቤ የሌለበት ነገር ማግኘት ዕድል ነው። ዳቦ ቆሎ ያዙ።

እማዬ በሜይ ተመልሳ ትመጣለች። ሞልቨርን ሆቴል ይዣለሁ። ትናንት ደውዬ ነገርኳት፤ ጠበል አለው፣ ጃንሆይ ነበሩበት፣ 425 ሜትር ነው አልኳት።

"ሜትሩን ተይው" አለችኝ። "ወንበር አለው?"